ማዶ የቆመው ጀልባ

ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ የማታ ሺፍት በምትሠራባቸው ዓመታት፣ ስለ አንድ የሆላንድ ሰዓሊ ሕይወትና ሥራ አትላንታ ውስጥ ካለ ከማንኛውም የዘጠኝ ዓመት ልጅ የበለጠ አውቅ ነበር። ዕውቀቱ ለምንም አልበጀኝም። ትምህርት ቤት ስለ ሆላንድ የሚጠይቀኝ አልነበረም፤ ስለ ኢትዮጵያ የሚጠይቁኝ ግን ሞልተው ነበር፣ ያኔ ቴሌቪዥኑ ሁሉ ረሃባችንን ያሳይ ነበርና። ስለ እሷ ደግሞ እኔ ብዙም የምለው አልነበረኝም። ከአገሬ የወጣሁት በአምስት ዓመቴ ነው።

የሆላንዱን ሰዓሊ ታሪክ የሚነግረኝ ጋሼ ደምሴ ነበር። ከእኛ በታች ባለው አፓርታማ ብቻውን ይኖራል፤ አዲስ አበባ ሳለ ሥዕል ያስተምር ነበር። እናቴ ሳንዲ ስፕሪንግስ ባለ አንድ ሆስፒታል ወጥ ቤት ትሠራ ስለነበር፣ እሷ ከቤት ስትወጣ እኔን የምታስረክበው ለእሱ ነው። በዕድሜው «እርስዎ» ሊባል የሚገባው ሰው ነበር። እኔ ግን «አንተ» እለዋለሁ፤ እሱም ሰው ፊቱን ሲያጠቁርብኝ «ተዋት፣ አንቱታዋን ኤርፖርት ላይ ተቀብለዋት ነው» ይል ነበር።

ቀን ቀን ፒችትሪ ኮርነርስ ውስጥ፣ ለሆቴል መኝታ ክፍሎች የሚሆኑ ሥዕሎች በሚመረቱበት አንድ መጋዘን ይውላል። «የሚመረቱበት» ያልኩት አውቄ ነው። ሸራዎቹ በረድፍ ይደረደራሉ፤ አንዱ ሠራተኛ ሰማዩን ይቀባል፣ ሌላው ዛፎቹን፣ ሌላዋ ቤቱንና ድልድዩን። ጋሼ ደምሴ የተመደበው ሰማይ ላይ ነበር። «ዕድገት እየጠበቅሁ ነው» ይላል፤ «ከሰማይ በላይ ወዴት እንደሚያሳድጉኝ ግን አልነገሩኝም።» አለቃው በየሳምንቱ እየመጣ ሰማዩ ጠቆረብኝ ይለዋል። የሆቴል እንግዳ ተኝቶ ዝናብ ማየት አይፈልግም። ጋሼ ደምሴም እሺ ብሎ ጥቂት ነጭ ይጨምርበታል፣ በማግስቱ ደግሞ እጁ ወደ ግራጫው ይመለሳል።

መጽሐፉን ያገኘው በዚህ የተነሳ ነው። ሰማይ እያጠቆረም የተከበረ ሰዓሊ መኖሩን ለአለቃው ለማሳየት ቤተ መጻሕፍት ሄዶ፣ ከሞተ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ያለፈው አንድ የሆላንድ የገጠር ሥዕል ሰዓሊ አገኘ። አለቃው መጽሐፉን አገላብጦ «ይሄ ሰውዬ ፀሐይ አይቶ አያውቅም እንዴ?» ብሎ መለሰለት። መጽሐፉ ግን እኛ ዘንድ ቀረ፤ ጋሼ ደምሴ ጊዜው ባለቀ ቁጥር እየሄደ ያስራዝመዋል። የሰዓሊውን ስም ሲጠራ የዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ የተሰካ ይመስል ነበርና ሁለታችንም «ሆላንዱ» እንለዋለን።

ማታ እራት ከበላን በኋላ ግድግዳው ውስጥ የተሠራችውን ምድጃ ያነዳል። ማገዶው ከሰጋቱራና ከሰም ተጠፍጥፎ በወረቀት የተጠቀለለ፣ ከሱፐርማርኬት የሚገዛ ነው። ጥሩ ይነዳል፣ ፍም ግን አይወጣውም፤ ሲያልቅ እንደ ረጠበ ካርቶን ይፈርሳል። የጭስ መውጫው በደንብ ስለማይከፈት ቤቱ ሁሉ የጠፋ ሻማ ይሸታል፣ ከዚያ በታች ደግሞ የጋሼ ደምሴ እጅ፣ ማለት ቀለም የሚያቀጥንበት ተርፐንታይን። ኮፍያዋ የወለቀ የቁም መብራት ከኋላችን ታበራለች። መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አንድ ሥዕል ይመርጥና ከሥዕሉ ተነስቶ ሕይወቱን ይነግረኛል። መጽሐፉ ራሱ ስለ ሰውዬው የሚለው ሁለት ገጽ ብቻ እንደሆነ፣ ከሁለቱም አብዛኛው «በእርግጠኝነት አይታወቅም» የሚል እንደሆነ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ ግን ያልታወቀውን ሁሉ ጋሼ ደምሴ ያውቀው ነበር።

ሆላንዱ የጫማ ሰፊ ልጅ ነበር፣ ለዚያውም አንድ ለእናቱ። አባትየው የልጁን እጅ አይቶ «ጫማው እኔ ጋ ይለቅ፣ አንተ ሥዕል ተማር» ብሎ ለቀቀው። መጀመሪያ የነጋዴዎችን ፊት ይሥል ነበር። ነጋዴዎቹ ግን አፍንጫዬን አገዘፍከው፣ አገጬን ደረብከው እያሉ አስመረሩት። አንድ ቀን የአንዱን ሀብታም ፊት ጨርሶ ከራሱ በላይ ሰማይ ሲቀባ፣ ሰማዩ ምንም እንደማይለው ልብ አለ። ከዚያ በኋላ ፊት አልሣለም። ሥዕሎቹ ውስጥ ሰው ቢኖር እንኳ ጀርባውን ሰጥቶ የሚሄድ ወይም ጎንበስ ብሎ መረብ የሚጎትት ነው። መሬቱን ከሥር ቀጭን አድርጎ ያሰምርና የቀረውን ሁሉ ለደመና ይተወዋል። «ለምን?» ስለው «መሬቱማ ባለቤት አለው» ይለኛል ጋሼ ደምሴ። «ካልተጠነቀቅሽ መጥተው ያባርሩሻል።»

በበጋ ሆላንዱ በጥቁር ጠመኔ እየነደፈ ወንዝ ለወንዝ ይዞራል፤ ቀለም የሚነካው ግን ክረምት ገብቶ ቤት ሲዘጋበት ነው። ስለዚህ መስኩን ሁሉ የሣለው መስኩን ሳያይ ነው። ያለው ቀለም ጥቂት ነበር፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ እንደ ጭቃ ያለ ቡኒ። በቀጭኑ ስለሚቀባው የጣውላው መስመር በደመናው ውስጥ ይታያል። ጋሼ ደምሴ ይህን ሲያሳየኝ ጣቱ ወረቀቱን አይነካም፤ ከላዩ ከፍ ብሎ ይሄዳል። ትልቁ ሕግ ደግሞ ሰማይ እርጥብ ሳለ ማለቅ አለበት የሚለው ነው። አንዴ እጅህን ካነሳህና ቀለሙ ከደረቀ፣ በማግስቱ የምትጨምረው ደመና ከትናንቱ ጋር አይዋሃድም፤ ልብስ ላይ እንደተጣፈ ጨርቅ ሆኖ ይቀራል።

አባቴ ያኔ ሱዳን ነበር። እናቴና እኔ ቀድመን ስንመጣ እሱ ወረቀቱ እስኪያልቅለት ገዳሪፍ ቀርቶ ነበር፤ እኛ ቤት ስለ እሱ የሚነገረው ሁሉ «ሲመጣ» በሚል ይጀምራል። ሲመጣ ትልቅ አልጋ እንገዛለን። ሲመጣ መኪና መንዳት እሱ ይማራል። እናቴ ስፖንሰር እንድትሆነው ደመወዟ ከፍ ማለት ነበረበት፤ ደመወዟ ከፍ እንዲል ደግሞ ከወጥ ቤቱ ወጥታ ነርስ መሆን ነበረባት። ጠዋት ጠዋት ትማራለች፣ ከሰዓት ጀምሮ ትሠራለች። የፈቃድ ፈተናውን አንድ ጊዜ ወድቃ ነበር። አሁን ሁለተኛው ቀርቦ ነበር፤ ቅዳሜ ነው።

በዚያ ሳምንት ቤታችን ሰው በዛበት። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ወጥ እየያዙ ይመጣሉ፣ ሻይ ሳይጠጡ ይሄዳሉ። አንዷ የእናቴን እጅ ይዛ ረጅም ጊዜ ቆመች፤ እናቴ «ምነው፣ ፈተና ነው እኮ፣ ጦርነት አይደለም!» ብላ ሳቀችባት። ጋሼ ደምሴ ጢሙን አልተላጨም። ምላጩ ተሰበረ አለኝ።

ረቡዕ ማታ መጽሐፉን ከፍቶ ከዚያ በፊት ያላሳየኝን ሥዕል አወጣ። ሰፊ ግራጫ ወንዝ ነው፤ መሐሉ ላይ ላምና ሰው የጫነ መሻገሪያ ጀልባ አለ፣ ሰዎቹ ሁሉ ጀርባቸውን ሰጥተውናል።

«ይህን ሲሥል» አለ ጋሼ ደምሴ፣ «ትልቁ ሥራው ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ሰማዩ ላይ ነው። ቤቱ ወንዙ ዳር ነው። ማዶ ጀልባው መጣ፣ ወሬ ይዞ። ክፉ ወሬ። መንደርተኛው አስቀድሞ ሰማ። ምን አደረጉ? ወደ ወንዙ ወርደው ለጀልበኛው በእጃቸው ምልክት ሰጡት፤ ቆይ፣ አትሻገር፣ ሰውዬው ሰማይ ጀምሯል።»

«ለምን አይነግሩትም?»

«ሰማዩ እርጥብ ነዋ።»

«ሶ ዋት?»

«ሶ ዋት የሚባል ነገር ሆላንድ የለም» አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር።

«ወሬው ምንድነው?»

«ወንድሙ ሞቶ ነው።»

«ወንድም የለውም።»

«ማን?»

«ሆላንዱ! አንድ ለእናቱ ነው ብለሃል። አባቱ ሌላ ልጅ ሳይኖረው እንኳ ሥዕል ተማር አለው ብለሃል።»

«ብያለሁ?»

«ብለሃል እንጂ።»

ጋሼ ደምሴ የልብስ መስቀያ ሽቦውን አንስቶ ማገዶውን ጎረጎረው። ሰሙ ፈሶ አረንጓዴ ነበልባል ወጣና ጠፋ። «እንግዲያው» አለ ቆይቶ፣ «እንደ ወንድም የሚወደው ሰው ይሆናል።»

ሌላ ጊዜ ተረቱ ሲበላሽበት እናደድ ነበር፤ ያን ማታ ግን አልተናደድሁም። ባለፈው ዓመት ከሕንፃው ማዶ ለምትኖር አንዲት ሴት መርዶ ሲነገራት አይቻለሁና ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ አውቅ ነበር። ወሬው መጀመሪያ ለሁሉም ይደርሳል፣ ለባለቤቱ ብቻ ሲቀር። ሽማግሌዎች ይማከራሉ። አገር ቤት ቢሆን የሚጠየቀው ሰውዬው ምግብ በልቷል ወይ፣ ታሟል ወይ ነው፤ አትላንታ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው ከሥራ ኦፍ የምትሆነው መቼ ነው የሚል ነበር። ከዚያ ጎሕ ሲቀድ፣ ጥቁር የለበሱ ሰዎች በር ያንኳኳሉ።

«ጋሼ» አልኩት፣ «የእማዬ ኤግዛም ቅዳሜ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ሰማዩ እሱ ነው?»

መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ይጠርገው ጀመር፤ ጠርጎ አልጨረሰም።

«አባዬ ነው?»

መጽሐፉን ዘጋው። እጁን አናቴ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ፣ ከብዶኝ አንገቴ እስኪያመኝ ድረስ። የሞተው ገዳሪፍ ላይ በበሽታ ነው፣ ከወር በላይ ሆኖታል፣ ለሽማግሌዎቹ የነገራቸው ከካርቱም የመጣ ሰው ነው፤ ይህን ሁሉ ግን በኋላ ነው የሰማሁት። ያን ማታ ጋሼ ደምሴ ያለኝ ይህን ብቻ ነው፦

«ሶስና፣ አንቺ ልጅ ነሽ፤ ማንም አይጠይቅሽም። ሳትጠየቂ ዝም ማለት ደግሞ ውሸት አይባልም።»

እናቴ ስትመጣ ሶፋው ላይ ተኝቼ አገኘችኝ፤ ማለት ዓይኔን ጨፍኜ። ተሸክማኝ ወጣች።

ሐሙስና ዓርብ ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት እንደ ልማዳችን አጠናኋት። ጥያቄውን እኔ ከካርዱ አነባለሁ፣ እሷ ፀጉሯን እያበጠረች ትመልሳለች። እንግሊዝኛው ላይ እኔ እበልጣታለሁ፤ መድኃኒቱ ላይ እሷ።

«ደንግጦ ራሱን ለሳተ ሰው መጀመሪያ ምን ይደረጋል?»

«ማስተኛት፣ እግሩን ከፍ ማድረግ፣ ማሞቅ» አለችና ሳቀች። «አባትሽ እኮ ደም አይችልም። መርፌ ሲያይ ይወድቃል። ሲመጣ የመጀመሪያ በሽተኛዬ እሱ ነው።»

«እሺ» አልኩ። ቀጣዩን ካርድ አነበብኩ።

ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። መምህሯ ሆዷን ነው ብላ ወደ ነርሷ ላከችኝ፤ ነርሷም ብስኩት ሰጠችኝ። ስለ ነገሩ ማንም አልጠየቀኝም፤ ጋሼ ደምሴ ልክ ነበር። እናቴን አይቼ መናገር የቃጣኝ ግን ብዙ ጊዜ ነው። ብናገር ፈተናው ይቀራል፤ ዝም ብል ፈተናውን የምትፈተነው ለሞተ ሰው ነው። ይህን ያኔ በእነዚህ ቃላት አላሰብኩትም። ያኔ ያሰብኩት ካርዱ ባያልቅ ነው።

ቅዳሜ ከፈተናው ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር፣ የተጠበሰ ዶሮ በባልዲ ገዝታ። «ይሄኛውን አልፌዋለሁ፣ ታውቆኛል» አለች። ለጋሼ ደምሴ ከዶሮው ይዤለት እንድወርድ ላከችኝ። በሩን ከፍቶ ተቀበለኝ።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ መኪኖች መብራታቸውን አጥፍተው ገቡ። እናቴ በሩን ከፈተች፤ ጥቁር የለበሱትን ሰዎች፣ ፊት ለፊት የቆሙትን ሽማግሌ አቶ ኃይሉን፣ ከኋላ ያልተላጨውን ጋሼ ደምሴን አየች። ማንም ቃል ሳይተነፍስ ጮኸች። ከዚያ ሁሉም አለቀሰ፤ ግድግዳው ስስ ነበርና ከጎናችን ያለ ሰው ፖሊስ ጠራ።

ሁለት ፖሊሶች መጡ። አቶ ኃይሉ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ በተከበረ እንግሊዝኛ፣ «ምንም ችግር የለም ጌታዬ፣ ሰው ሞቶ ነው» አሏቸው። የፖሊሶቹ እጅ ወደ ወገባቸው ሄደ። «የት?» አለ አንዱ። «ሱዳን» አሉ አቶ ኃይሉ። «መቼ?» «ከወር በፊት።» ፖሊሱ ክፍሉን የሞላውን ሰው፣ ደረቷን የምትደቃውን እናቴን ሲያይ ቆየና፣ ታዲያ ዛሬ ምን ሆናችሁ ብሎ ጠየቀ። አቶ ኃይሉ ሊያስረዱ አስበው ተዉት። «ዛሬ ነገርናት» አሉ። ፖሊሱ ቆቡን አወለቀ።

ረፋድ ላይ ድምፁ ሲበርድ እናቴ መሬት ላይ እንደተቀመጠች ቀና አለች። ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር።

«ማን ማን ነበር የሚያውቀው?»

ሁሉም ምንጣፉን አየ። እኔ እጄን አወጣሁ፤ መምህር ስትጠይቅ እንደማደርገው፣ ቀጥ አድርጌ። ጋሼ ደምሴ ሲያየኝ ፊቱ ምን እንደሆነ መግለጽ አልችልም። እናቴ አየችኝ፣ ከዚያ እሱን አየችው።

«ስታጠኚኝ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

እጄን ይዛ ወደ ታች አወረደችው፣ አልመታችኝም፣ ጎኗ አስቀመጠችኝ። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው የተናገረችው። «ከዛሬ ጀምሮ ለእኔ የመጣ ወሬ የእኔ ነው። ማንም አይያዝልኝ። አንቺም እንኳ።» ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሌላ ሴት ቤት እውል ጀመር፣ ተረት የሌለበት፣ ቴሌቪዥን ያለበት። ጋሼ ደምሴ ዓመት ሳይሞላ ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው ሊቶኒያ ቤት ቀየረ። በዓል ሲሆን ይሳለማሉ፤ እናቴ ለሰላምታው አንድም ቀን አላጎደለችም፣ ከሰላምታው በላይ ግን አንድም ቃል አልጨመረችለትም። ፈተናውን አልፋ ነበር።

ኮሌጅ ገብቼ የሰዓሊውን ሁለት ገጽ አነበብኩ። ጫማ ሰፊ የለም፤ ወንድም ይኑረው አይኑረው አይታወቅም። ጣውላው በደመናው ውስጥ መታየቱ ብቻ እውነት ነው። አንድ የሆላንድ ተወላጅ ለሆነ የክፍል ጓደኛዬ የጀልባውን ታሪክ ብነግረው አልገባውም። «እኛ ብንሆን ከወዲያ ማዶ ጮኸን እንነግረው ነበር» አለኝ። ጋሼ ደምሴ የሆላንድን ሰማይ ያውቅ ነበር፣ ሰዉን ግን ከእኛው ሠፈር ነው የወሰደው። ያን ማታ ሊነግረኝ ፈልጎ ይሁን ወይስ ላለመንገር ሲታገል አምልጦት፣ አልጠየቅሁትም። ሁለቱም ይመስለኛል። ልጅን ዓይኗን እያዩ መዋሸት ያልቻለ ሰው እስከ ሆላንድ ሄዶ ዋሸ፣ እዚያም አልቻለበትም።

ጋሼ ደምሴ የሞተው እናቴ ጡረታ ከወጣች በኋላ ነው። የደወሉልኝ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነበሩ፤ እናቴ በዚያ ሳምንት የዓይን ኦፕሬሽን ነበረባት። «ዓይኗ ይዳን፣ ለቅሶ አይሆንላትም» አሉኝ፤ «እስከዚያ አንቺ ጋ ይቆይ።» እሺም እንቢም ሳልል ዘጋሁና መኪናዬን አስነስቼ ወደ ቤቷ ሄድኩ። ከገበያ መግባቷ ነበር፤ ወጥ ቤቱ መሐል ከረጢት እንደያዘች ቆማለች። ለእሷ የመጣ ወሬ የእሷ ነው።

«እማዬ፣ ጋሼ ደምሴ ሞተ» አልኳት።

ከረጢቱን የምታሳርፍበት ፈለገች። ጠረጴዛው ጠፍቷት ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ አገኘችው።

«ምነው ልጄ» አለችኝ፣ «እስክቀመጥ እንኳ ብትታገሺኝ?»

ወንበር ሳብኩላት። ተቀመጠች፣ እኔም ከጎኗ ተቀመጥኩ። ለቅሶው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።